«እኔ ጋ ይሠራ ነበር»፦ ስለ ጃቫ ፕሮግራሞች ግንባታ፣ ስለ ላይብረሪዎች አያያዝና ስለ ሥምሪት

በማሠልጠኛ ተቋማችን የኮምፒዩተር ትምህርት ሠልጣኞች ከመመረቃቸው በፊት አንድ የጃቫ ፕሮግራም ሠርተው ማስረከብ አለባቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠልጣኝ የአንድን ክፍል ተማሪዎች ውጤት ደምሮ፣ አማካዩን አስልቶ ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መጣ። በእኛ ኮምፒዩተር ስንከፍተው ግን ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር እንኳ ሳይደምር ቆመ። በመስኮቱ ላይ የወጣውም ጽሑፍ ፋይሉ የ61 እትም መሆኑን፣ የእኛ ማሽን ግን እስከ 52 ያለውን ብቻ እንደሚያውቅ የሚገልጽ ነበር። ሠልጣኙ ተጠርቶ ሲጠየቅ «እኔ ጋ ይሠራ ነበር» አለ። ይህ መልስ በየዓመቱ የሚሰማ ስለሆነ ብዙም ቦታ አልሰጠነውም፤ ለሥራውም ከግማሽ በታች ማርክ ሰጠነው። በኋላ ነገሩን ስንመረምር ስሕተቱ የልጁ አለመሆኑን ተረዳን። 61 የጃቫ 17፣ 52 ደግሞ የጃቫ 8 መለያ ቁጥር ነው፤ በአሮጌ ጃቫ አዲሱን ፋይል ለማስነበብ የሞከርነው እኛ ነበርን። ማርኩ ተስተካከለ፤ ልጁ ግን እስኪመረቅ ድረስ በቢሮአችን ዝር አላለም።

ይህን የመሰለ ነገር በየሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጡ መምህራንን ሳይገጥማቸው አይቀርም። አንዱ ተማሪ ያልሠራ ሲመስል ሠርቶ ይገኛል፤ ሌላው የሠራ ሲመስል ከራሱ ኮምፒዩተር በቀር የትም የማይነሣ ነገር ያቀርባል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚገነባ የሚያስረዳው ዕውቀት ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ አለመጻፉ ነው። ባለሙያዎች ይህን ዕውቀት በጽሑፍ አስፍረው አፈጻጸሙን ለማሽን የሚሰጡባቸው መሣሪያዎች አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ስለ እነርሱ ነው።

ጃቫ ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ በጄምስ ጎስሊንግና በባልደረቦቹ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የቀረበ ቋንቋ ነው። ሰው የጻፈውን የጃቫ ጽሑፍ በመጀመሪያ ተርጓሚው ባይትኮድ ወደሚባል መካከለኛ ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ከዚያም የጃቫ ማሽን የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ባይትኮዱን እያነበበ ያስፈጽማል። ከላይ የጠቀስናቸው ቁጥሮች በእያንዳንዱ የባይትኮድ ፋይል መግቢያ ላይ የሚታተሙ ናቸው። አዲሱ ማሽን አሮጌውን ፋይል ያነባል፤ አሮጌው ግን አዲሱን አያነብም።

ፕሮግራሙ አንድ ፋይል ብቻ ሲሆን ተርጓሚውን በእጅ ማዘዝ ይቻላል። ፋይሎቹ አርባ ሲደርሱ፣ በዚያም ላይ አምስትና ስድስት ላይብረሪ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ላይብረሪ የምንለው ሌላ ሰው ጽፎና ጠቅልሎ ያዘጋጀውን፣ እኛ እንደ ገና መጻፍ ሳያስፈልገን የምንጠቀምበትን የፕሮግራም ክፍል ነው። እያንዳንዱ ላይብረሪ የት እንደሚገኝ ለተርጓሚው መንገር፣ መተርጐም፣ መፈተሽ፣ በመጨረሻም የተተረጐሙትን ፋይሎች ጃር በሚባል አንድ ጥቅል ማሠር ያስፈልጋል። (ጃር የሚለው ስም አያስፈራ፤ ውስጡ ሲታይ ተራ የዚፕ ጥቅል ነው።) ከእነዚህ አንዱን የረሳ ሰው ፕሮግራሙ አይነሣለትም። ያልረሳውም ቢሆን ከወር በኋላ እንዴት እንዳደረገው ቢጠየቅ ለማስረዳት ይቸገራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆኑ ከተሠሩት መሣሪያዎች ቀደም ያለው ሜክ ነው። ይህን ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላቦራቶሪ ሠራው። የሜክ ሐሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ፋይል እንደ ገና የሚሠራው የተሠራበት ጽሑፍ ከእርሱ የበለጠ አዲስ ከሆነ ብቻ ነው። ነገር ግን በሜክ ፋይል ውስጥ ትእዛዝ የሚጀምረው በታብ እንጂ በተራ ክፍት ቦታ አይደለም፤ ሁለቱ ደግሞ በዓይን አይለዩም። በዚህ ከተማረሩት አንዱ የሰን ባልደረባ የነበረው ጄምስ ዳንከን ዴቪድሰን ነበር። ቶምካት የተባለውን ሰርቨር ለማዘጋጀት ሲል አንት የተባለውን መሣሪያ ጻፈ፤ አንትም እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን ችሎ ወጣ። ስሙ በእንግሊዝኛ ጉንዳን ማለት ሲሆን እንደ ጉንዳን ታታሪ ነበር፤ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ሰው ካልነገረው አያውቅም። በዚህም የተነሣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ የአዲሱን ቤት የአንት ፋይል እንደ ገና ማጥናት ነበረበት።

ሜቨን የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ቃሉ ከይዲሽ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጕሙ ዐዋቂ፣ ሊቅ ማለት ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሁለተኛው በ2005 ወጣ። ሜቨን «እንዴት ልሥራው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምንድን ነው?» ብሎ እንጂ። ባለቤቱ ፖም በሚባል አንድ ፋይል ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ እትሙን፣ የሚፈልገውን የጃቫ እትምና የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች ይጽፋል። የቀረው በልማድ የተወሰነ ነው። ዋናው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ የፍተሻው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ የተገነባው ነገር የሚወጣበት ፎልደር በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው። የሥራውም ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ ማረጋገጥ፣ መተርጐም፣ መፈተሽ፣ መጠቅለል እያለ ይሄዳል። «ጠቅልል» ብሎ ያዘዘ ሰው ከዚያ በፊት ያሉትን ሁሉ አዟል ማለት ነው፤ ከፍተሻው አንዱ ከወደቀ ደግሞ ጥቅሉ አይወጣም። በዚህ አሠራር ያ ሠልጣኝ በፖሙ ላይ «ጃቫ 17» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ እኛም ከጽሑፉ ተነሥተን ራሳችን ብንገነባው፣ በአሮጌው ጃቫ ግንባታው ገና ከመጀመሪያው በቆመ ነበር፤ ምክንያቱንም ከልጁ ፋይል እናነበው ነበር።

በፖሙ ላይ ከሚጻፉት ነገሮች በአማርኛ ለሚሠሩ ሰዎች ልዩ ትርጕም ያለው አንድ መስመር አለ። ይህም ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደ ተጻፈ የሚገልጸው መስመር ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ። ዛሬ በብዛት በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ «ሀ» ወይም «ሰ» የሚለው እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ችግሩ ግን የጃቫ ተርጓሚ እስከ ጃቫ 17 ድረስ ሌላ ነገር ካልተነገረው በስተቀር የኮምፒዩተሩን የራሱን ኮድ ይከተል ነበር። በአያሌ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ኮድ ለላቲን ፊደል ብቻ የተዘጋጀ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ባይት የሚመድብ ነው። እንግዲህ በሊኑክስ ላይ «የተማሪው ስም» ተብሎ የተጻፈው በዊንዶውስ ሲተረጐም አንዱ ፊደል በአመዛኙ ሦስት ባዕድ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ተማሪው አማርኛውን ትቶ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ የሚገደደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛም ራሳችን ለብዙ ጊዜ «አማርኛ ለፕሮግራም አይመችም» እያልን ስንመክር ነበር። ለካስ የጐደለው አንዲት መስመር ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ዩቲኤፍ 8ን መደበኛው አድርጎታል፤ ይሁን እንጂ በየላቦራቶሪው ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ አዲሱን ጃቫ አልጫኑምና መስመሯን መጻፍ አይከፋም።

አሁን ወደ ላይብረሪዎች እንመለስ። በቀድሞው ልማድ አንድ ሰው ላይብረሪ ሲፈልግ ከኢንተርኔት አውርዶ በፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር፤ የትኛው እትም እንደሆነ ከፋይሉ ስም በቀር የሚነግር አልነበረም። በሜቨን ግን እያንዳንዱ ላይብረሪ በሦስት ነገሮች ይታወቃል፤ በሠሪው ቡድን፣ በራሱ ስምና በእትሙ ቁጥር። ለምሳሌ ያህል ለፍተሻ የሚያገለግለውን ጁኒት የሚፈልግ ሰው ቡድኑን፣ «ጁኒት ጁፒተር» የሚለውን ስምና 5.10.2 የሚለውን እትም ይጽፋል። ሜቨን ይህን ይዞ ሜቨን ሴንትራል ወደሚባለው ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ይሄድና ያመጣዋል። እዚህ ላይ በአሮጌ መጽሐፍ የሚያስተምሩ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ ግምጃ ቤቱ ከጃንዋሪ 15 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚቀበለው የተመሰጠረውን የኤችቲቲፒኤስ ግንኙነት ብቻ ነው። በአሮጌው አድራሻ የተጻፈ ምሳሌ ቢገለበጥ 501 የሚል መልስ ብቻ ያስገኛል።

ጉዳዩ የሚወሳሰበው ግን ላይብረሪዎቹም በበኩላቸው ሌሎች ላይብረሪዎችን ስለሚፈልጉ ነው። ከጎረቤት የተዋስነው ምጣድ ጎረቤታችን ራሱ ከሌላ የተዋሰው ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ እኛ ሦስት ላይብረሪ ጽፈን ሜቨን ሠላሳ ሊያመጣ ይችላል። ይህ በአንድ በኩል ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሠላሳውን በእጅ የሚለቅም ሰው ቀኑን ይጨርሳል። በሌላ በኩል ግን በቤታችን ያለውን የማን ዕቃ እንደሆነ አለማወቅን ያስከትላል። ሁለት ላይብረሪዎች የአንድን ሦስተኛ ላይብረሪ የተለያዩ እትሞች ቢፈልጉስ? ሜቨን በዛፉ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነውን ይመርጣል። ግሬድል የተባለው ሌላው መሣሪያ ደግሞ፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ፣ ከፍተኛውን እትም ይወስዳል። በእኛ አስተያየት የሜቨን ደንብ ለመገመት ቀላል ቢሆንም አንዳንድ ጊዜ አሮጌውን እትም በዝምታ ስለሚያስገባ ያሳስታል። ስለዚህ ሠልጣኞቻችን የላይብረሪዎቹን ዛፍ በሚያሳየው ትእዛዝ አማካይነት ዝርዝሩን አትመው ከሥራቸው ጋር እንዲያያይዙ እናደርጋለን።

ዛፉን ማወቅ የወረቀት ሥራ አለመሆኑን ዓለም በዲሴምበር 2021 (እ.ኤ.አ.) ተረድቷል። ሎግ ፎር ጄ የተባለው ላይብረሪ አንድ ፕሮግራም ሲሠራ የሚያጋጥመውን እየመዘገበ የሚይዝ፣ በአያሌ የጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገኝ ነው። ይህ መዝጋቢ በሚመዘግበው ጽሑፍ ውስጥ የተወሰነ ዓይነት ትእዛዝ ካገኘ ትእዛዙን ተከትሎ ከሩቅ ሰርቨር ላይ የሌላ ሰው ፕሮግራም አምጥቶ ሊያስፈጽም እንደሚችል ታወቀ። ማይንክራፍት በተባለው ጨዋታ ላይ በመወያያው መስኮት አንዲት መስመር መጻፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ጕድለቱ እስከ 2.14.1 ባሉት የሁለተኛው ትውልድ እትሞች ውስጥ ነበረ፤ ማስተካከያዎቹም 2.15፣ 2.16፣ 2.17 እየተባሉ በዚያው ወር ተከታትለው ወጡ። ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ያስጨነቀው ግን ማስተካከያው አልነበረም። ላይብረሪው በቤታቸው መኖሩን አለማወቃቸው ነበር። እነርሱ ሎግ ፎር ጄን አልጠሩም፤ የጠሩት ላይብረሪ የጠራው ሌላ ላይብረሪ ነበር ያመጣው። ዛፉን በአንድ ትእዛዝ ማተም የቻሉት በሰዓት ውስጥ አወቁ፤ ጃሮችን በፎልደር ያጠራቀሙት ግን ኮምፒዩተር በኮምፒዩተር መፈለግ ነበረባቸው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ላለው ነው» ቢል አንፈርድበትም። ሜቨን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ላይብረሪዎቹን ብቻ ሳይሆን የራሱንም መሣሪያዎች ያወርዳል። አርባ ተማሪዎች በአንድ ደካማ መስመር ላይ ይህን ባንድ ጊዜ ቢያዙ ክፍለ ጊዜው በመጠበቅ ያልቃል፤ እኛም በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለፍሬ አሳልፈናል። መፍትሔው ሜቨን ያወረደውን ሁሉ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ኤም 2» በሚባል ሥፍራ የሚያስቀምጥ መሆኑን ማወቅ ነው። መምህሩ አስቀድሞ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙን ፍተሻውን ጨምሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገንባ፤ ፎልደሩን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ይገልብጥ፤ ተማሪዎቹም ሜቨንን ከመስመር ውጭ በሚያሠራው ምልክት ይዘዙት። «ፍተሻውን ጨምሮ» ያልነው በምክንያት ነው። ሜቨን ጁኒትን የሚያስኬድበትን መሣሪያ የሚያወርደው ፍተሻ ሲካሄድ ነው፤ ፍተሻው ተዘሎ የተገለበጠ ፎልደር በክፍል ውስጥ ያሳፍራል። አቅም ያለው ት/ቤት ደግሞ ኔክሰስ የተባለውን ፕሮግራም በአንድ የላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ የራሱን ትንሽ ግምጃ ቤት ሊያቋቁም ይችላል። ያኔ እያንዳንዱ ላይብረሪ ከውጭ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ስለ ግሬድል በአጭሩ፦ የሜቨንን የፎልደር ልማድና ግምጃ ቤት ይቀበላል፤ ነገር ግን የግንባታው ፋይል ራሱ በግሩቪ ወይም በኮትሊን ቋንቋ የሚጻፍ ፕሮግራም ነው። የአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራሞች የሚገነቡት በእርሱ ስለሆነ የስልክ ፕሮግራም የሚያስተምር ሰው ማለፍ አይችልም። ለጀማሪ ግን ሜቨንን እንመርጣለን፤ ፖም ቢረዝምም ተንኰል የለበትም።

ግንባታው በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ ማን እንደሚያዝዘው ለውጥ አያመጣም። ሰውም ሊያዝዘው ይችላል፤ ሌላ ማሽንም እንዲሁ። ጄንኪንስን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሥራቸው ይኸው ነው፤ አንድ ባለሙያ አዲስ ጽሑፍ ወደ ጋራው መዝገብ ባስገባ ቊጥር ሁሉንም ከባዶ ገንብተው ይፈትሻሉ፤ ከወደቀም ወዲያውኑ ያሳውቃሉ። ከባዶ የሚለው ቃል ላይ እናሠምርበታለን። ማርክ ስንሰጥም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ተማሪው ያመጣውን ጃር ትተን ጽሑፉን ብቻ ወስደን በንጹሕ ኮምፒዩተር እንገነባለን።

የተገነባውን ፕሮግራም ሰዎች ወደሚጠቀሙበት ሰርቨር ማውጣት ሥምሪት ይባላል። በእጅ የሚደረግ ሥምሪት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማሳየት ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ኩባንያ ላይ የደረሰውን የምናነሣው የፕሮግራሙ ቋንቋ ምንም ይሁን ምን ትምህርቱ አንድ ስለሆነ ነው። ኩባንያው አዲስ ፕሮግራም ወደ ስምንት ሰርቨሮች መገልበጥ ነበረበት። የተመደበው ቴክኒሺያን ሰባቱን ገልብጦ አንዱን ዘለለ፤ ሥራውንም የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ሥራ ላይ ያልዋለ አሮጌ ፕሮግራም ተኝቶ ነበር፤ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ የአሮጌውን መቀስቀሻ ምልክት ለሌላ ጉዳይ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት አሮጌው ነቃ። ሰርቨሩ 212 የደንበኞች ትእዛዝ ተቀብሎ በ45 ደቂቃ ገደማ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ፤ ኩባንያውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ይባስ ብሎ ሠራተኞቹ ጥፋቱ ከአዲሱ ፕሮግራም መስሏቸው ከሰባቱ ደህና ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ ያን ጊዜ አሮጌው በስምንቱም ላይ ነቃ። ይህን ሁሉ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ2013 ባወጣው ውሳኔ ላይ በዝርዝር አስፍሮታል።

ሥምሪቱን ለማሽን መስጠት ማለት እንግዲህ ወደ ስንት ሰርቨር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገለበጥ፣ መድረሱም እንዴት እንደሚረጋገጥ፣ ካልሆነም ወደ ቀድሞው እትም እንዴት እንደሚመለስ በፋይል መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከር ይህን አቅልሎታል። ዶከር ጃሩን ብቻውን አይልክም፤ ከሚያስፈልገው ጃቫና ከሌሎች አስፈላጊ ፋይሎች ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አሽጎ ይልካል። የእኛ ሠልጣኝ ሥራውን በዚህ መልክ ቢያመጣው ኖሮ በቢሮአችን ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው ጃቫ 8 ይሁን 17 የሚጠይቅ አይኖርም ነበር።

ክላውድ ወይም ደመና የሚባለውም የተሰወረ ነገር አይደለም፤ በሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ፣ በተጠቀሙበት መጠን የሚከፈልበት ኮምፒዩተር ነው። አማዞን ይህን ኪራይ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ማዕከሉን የከፈተው ደግሞ በ2020 በኬፕ ታውን ነው። ክፍያው በዶላርና በባንክ ካርድ ስለሆነ ለክፍል ሥራ አንመክረውም፤ የታሸገው ዕቃ በላቦራቶሪው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢሠማራ ትምህርቱ ያው ነው። በራሳቸው ካርድ ወይም በነፃ መሞከሪያ ክላውድን ለሚጠቀሙ ሠልጣኞች ግን ሁለት ነገር በጥብቅ እንነግራለን። የመጀመሪያው የተከራዩትን ሥራው ሲያልቅ ራሳቸው እንዲዘጉት ነው፤ ክላውድ ባዶ ቆሞም ያስከፍላል። ሁለተኛው ምስጢር ቊልፋቸውን በፕሮግራሙ ጽሑፍ ወይም በፖሙ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይጽፉ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የፕሮግራም መዝገቦች ላይ እንዲህ ያሉ ቊልፎችን ሌትና ቀን የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ፤ በሰው ቊልፍ ሰርቨር ይከራያሉ፤ ሒሳቡም የሚመጣው ለቊልፉ ባለቤት ነው። ቊልፉ አንድ ጊዜ ወደ መዝገቡ ከገባ መስመሩን መሰረዝ አይበቃም፤ መዝገቡ የቀድሞውን ጽሑፍ ሁሉ ስለሚያስታውስ ቊልፉን ራሱን ሰርዞ አዲስ ማውጣት ያስፈልጋል።